ገና በጋና

የበዓል ክብደቱ የሚታወቀው ሰው ካገሩ ሲርቅ ነው። ባገር ውስጥ ሳሉ በዓሉ በራሱ እግር ይመጣል፤ ዶሮው ይገዛል፤ ጠላው ይጠመቃል፤ ቄጤማው ይጐዘጐዛል፤ ጎረቤት ይጠራል። ሰውም በዚያ ሁሉ መካከል ተቀምጦ «እንኳን አደረሳችሁ» ከማለት በቀር ብዙ አይፈለግበትም። ባሕር ማዶ ግን በዓሉን የሚያመጣው ባለበዓሉ ራሱ ነው፤ እርሱ ካላመጣው ቀኑ እንደ ማናቸውም የሥራ ቀን ነግቶ ይመሻል። ይህን የተረዳሁት በ2012 ዓመተ ምሕረት በምዕራብ አፍሪካ፣ በጋና አገር፣ በጂኦግራፊ መምህርነት ተቀጥሬ ሳለሁ ነው።

የተቀመጥሁባት ከተማ ኬፕ ኮስት ትባላለች። ከዋናው ከተማ ከአክራ በስተ ምዕራብ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር የተቈረቈረች ስትሆን፣ እስከ 1877 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ድረስ እንግሊዞች «የወርቅ ጠረፍ» ይሉት ለነበረው ግዛት መቀመጫ ነበረች። ዛሬ ስሟ የሚነሣው በትምህርት ቤቶቿ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አናን የተማሩበት ምፋንትሲፒም በ1876 የተመሠረተው በዚህችው ከተማ ነው። ካገሬ ስነሣ አንድ ወዳጄ «እንግዲህ ገናን በጋና ልትውል ነው!» ብሎ ቀልዶ ሸኝቶኝ ነበር። ቀልዱን ለጋናውያን ልተረጕምላቸው ብሞክር አልሆነልኝም፤ ለብቻዬ ስቄበት ከረምሁ።

መምህርነቴ የጂኦግራፊ ስለ ሆነ ነገሩን ከልኬት ልጀምር። ኬፕ ኮስት ከምድር ወገብ 5 ዲግሪ ያህል በስተ ሰሜን ትገኛለች፤ ያደግሁባት ደብረ ማርቆስ ደግሞ 10 ዲግሪ ያህል። ስለዚህ ኹለቱም ከወገቡ በላይ ናቸው፤ ኹለቱም በታኅሣሥ ወር በጋቸው ነው። የሚለያቸው ከፍታ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ አየር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል፤ እንግዲህ በኹለቱ መካከል 15 ዲግሪ የሚያህል የሙቀት ልዩነት አለ ማለት ነው። እኛ የምናውቀው ገና ሌሊቱ የሚያንዘፈዝፍ፣ ማለዳ በሣሩ ላይ ውርጭ የሚታይበት፣ ሰው ጋቢውን ደርቦ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገሠግሥበት፣ ከሰዓት በኋላም አዝመራው በተነሣበት ሜዳ ጐረምሶች ዱላቸውን ይዘው ጥንጓን የሚያሳድዱበት ነው። በኬፕ ኮስት ግን ሌሊቱ እንኳ ያልባል። እናቴ ፈትላ ያሰራችልኝ ጋቢ ከሻንጣዬ ሳይወጣ ወራት አለፉት።

ከሙቀቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ቀኑ ነበር። ጋናውያን ልደትን የሚያከብሩት ዲሴምበር 25 ቀን ነው፤ የእኛ ደግሞ በእነርሱ ጃንዋሪ 7 ቀን ይውላል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ በዩልዮስ ቄሣር ስም የሚጠራው የጥንቱ አቈጣጠር ዓመትን 365 ቀን ከሩብ አድርጎ ይቈጥራል፤ ይህም ከእውነተኛው የፀሐይ ዓመት 11 ደቂቃ ያህል ይበልጣል። ትርፉ ተጠራቅሞ በየ400 ዓመቱ 3 ቀን ይሆናል። በ1582 የሮማው ሊቀ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ 10 ቀን አስወጥተው አቈጣጠሩን አቀኑት፤ እኛና ግብፆች ግን በቀድሞው ጸናን። ዛሬ ልዩነቱ 13 ቀን ነው፤ በ2100 ደግሞ 14 ይሆናል። ያ ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ስለ ነበረ፣ ያለፈው ዘመነ ሉቃስም ጳጉሜን 6 ቀን አድርጎ ስላለፈ፣ የእኛ ልደት በታኅሣሥ 28 ዋለ። የጋናውያኑ ልደት ደግሞ በእኛ ታኅሣሥ 15 ቀን ሆነ። ያን ጊዜ እኛ ጾመ ነቢያትን እንጾማለን። ዕለቱም ረቡዕ ነበረ፤ በአንድ ቀን ኹለት ጾም መሆኑ ነው።

በአካን ሕዝብ ቋንቋ የልደት በዓል «ብሮንያ» ይባላል። የብሮንያ ሰሞን ከሰሐራ በረሓ ሐርማታን የሚሉት ደረቅ ነፋስ አቧራ ተሸክሞ ይመጣል፤ ከኖቬምበር እስከ ማርች አገሩን ይጐበኛል። በባሕሩ ዳር ኀይሉ ቢለዝብም ከንፈር ይሰነጣጥቃል፤ ፀሐይቱም እንደ አሮጌ ብር ደብዝዛ በዓይን ትታያለች። ኮቶኩራባ በሚባለው ገበያ ሰው ከሰው ይጋፋል፤ ለልጆች አዲስ ልብስ ይገዛል፤ በየመንገዱ የነሐስ መለከት የሚነፉ ጓዶች ያልፋሉ። ሕፃናት የዘንባባ ዝንጣፊ ሰብስበው በየደጁ ትንሽ ዳስ ሲሠሩ አየሁ። እኛ ዘንባባን ከሆሣዕና ጋር ስለምናውቀው፣ በልደት ሰሞን ሳየው ዓመቱ የተገላበጠ መሰለኝ። ተማሪዎቼ ዕቃቸውን ጠቅልለው በየአገራቸው ሲበተኑ የመምህራኑም ቤት ባዶ ሆነ። በግቢው የቀረነው እኔና ዘበኛው ነበርን።

በዚህ መካከል ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት አሮጊት፣ በጡረታ ያሉ መምህርት፣ ለብሮንያ ማዕድ ጠሩኝ። ነገሩ ቀላል የሚመስለው ለማያውቀው ነው። በጋና እንደ እኛው አገር ሁሉ የቀረበ ማዕድ አለመቅመስ ባለቤቱን ማስከፋት ነው። የበዓሉ ምግብ ደግሞ ዶሮ፣ ፍየልና ዓሣ ነው። ሦስት መንገድ ታየኝ፤ አንደኛው ታምሜአለሁ ብሎ መቅረት፣ ኹለተኛው ሄዶ መብላት፣ ሦስተኛው ሄዶ ጾመኛ ነኝ ማለት። መጀመሪያው ውሸት ነው፤ ኹለተኛው ከእናቴ ጾም ይለየኛል፤ ሦስተኛው ደግሞ በሰው ደስታ ላይ ውኃ መቸለስ መሰለኝ። ማታ ደብረ ማርቆስ ስልክ ደውዬ ለእናቴ ነገርኋት። እርሷ ግን ነገሩን እንደ እኔ አላከበደችውም። «ልጄ፣ ሰው ጠርቶህማ እንዳትቀር። ሂድና አስቀድመህ ንገራቸው። የሚያፍር እንግዳ ባለቤቱን ያስቸግራል» አለችኝ።

በማግሥቱ ሄጄ ነገርኋቸው። አሮጊቷ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ የማይበላውን በጣታቸው መቍጠር ጀመሩ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቍላል። ዓሣስ ቢሉኝ እርሱንም እተወዋለሁ አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያውስ ሬድ ሬድ ይበላል» ብለው ፈረዱ። ሬድ ሬድ በቀይ የዘንባባ ዘይት ከተሠራ የአደንጓሬ ወጥና ከተጠበሰ የምግብ ሙዝ ጋር የሚቀርብ ነው፤ ስሙም «ቀይ በቀይ» እንደ ማለት ነው። በእኛ አገር በጾም ቀን ሽሮ ይበላል እንደሚባለው ያህል ቀላል አድርገው ስለ ተናገሩት፣ ሲያስጨንቀኝ የሰነበተው ሁሉ በአንድ ቃል ተፈታ።

በበዓሉ ዕለት ጧት ከእርሳቸው ጋር ወደ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። የሜቶዲስት ሃይማኖት በጋና የተጀመረው በ1835 ጆሴፍ ደንዌል የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ሰባኪ ኬፕ ኮስት በደረሰ ጊዜ ነው። መዝሙሩ ከእንግሊዝ የመጣ፣ በኦርጋን የታጀበ ነው። ነገር ግን ሰባኪው ስለ ቤተ ልሔም በረት ሲናገር ከኋላ ወንበር አንዲት አሮጊት ድምፃቸውን አነሡ፤ ሌሎቹም ሴቶች ተቀበሏቸው፤ ሰባኪውም ዝም ብሎ ጠበቃቸው። ይህ ኤቢቢንድወም የሚባል የፋንቴዎች ዜማ ነው። ትርጕሙ የጥቍር ሰው ዜማ ማለት ሲሆን፣ ማንበብ የማይችሉ እናቶች የሰሙትን የመጽሐፍ ታሪክ በራሳቸው ቃልና በራሳቸው ዜማ ከዚያው እያወጡ የሚመልሱበት ነው። ባገራችን የቅኔ ተማሪ በዕለቱ በዓል ላይ ቅኔውን አውጥቶ ሲዘርፍ የሰማ ሰው የነገሩን ጣዕም ይረዳዋል። ቋንቋውን ባላውቅም ዜማው ሲወጣና ሲቀባበል ልቤ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለሰ።

ከማዕዱ ላይ ለእኔ የቀረበው ሳሕን ከሌሎቹ ተለይቶ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ጠበቀኝ። ማንም ስለ እርሱ ጥያቄ አላነሣም። የስምንት ዓመት የልጅ ልጃቸው ብቻ ዶሮዋን ትታ ከእኔ ሳሕን ሙዝ እያነሣች ስትበላ፣ «የአንተ ኢየሱስ ለምን ዘግይቶ ይወለዳል?» ብላ ጠየቀችኝ። ለተማሪዎቼ በጥቍር ሰሌዳ ላይ የማስረዳውን የ11 ደቂቃ ነገር በአጭሩ ነገርኋት። እርሷም ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው በዓመት ኹለት ጊዜ ስጦታ ይገኛል» ብላ ደመደመች። ሁሉም ሳቁ። ስሜንም ለመያዝ ስላስቸገራቸው በየትኛው ቀን እንደ ተወለድሁ ጠየቁኝ፤ በአካን ልማድ ሰው ከተወለደበት ቀን ስም ያገኛልና። ቅዳሜ ብላቸው እንደ ንክሩማ «ክዋሜ» ብለው ሰየሙኝ።

ሰው ሁሉ ወጥቶ ከአሮጊቷ ጋር በረንዳ ላይ ስንቀር ስለ ደከሙልኝ አመሰገንኋቸው። እርሳቸው ግን ወደ ባሕሩ እየተመለከቱ «የእኔም ልጅ መምህር ነው፤ በካናዳ በበረዶ ውስጥ ያስተምራል። ስድስተኛ ብሮንያው ነው። ዛሬ ማን እንደ ጠራው አላውቅም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተነጋገርንም። እኔም የቀረበልኝ ሳሕን ከእኔ አልፎ ማንን እያሰቡ የሠሩት እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

በማግሥቱ ወደ ኬፕ ኮስት ምሽግ ወረድሁ። ያ 2019 ዓመት በጋና መንግሥት «የመመለሻ ዓመት» ተብሎ ታውጆ ነበር፤ ይኸውም የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን ምርኮኞች ወደ እንግሊዞች ቨርጂኒያ ከተወሰዱበት ከ1619 ጀምሮ 400 ዓመት ስለ ሞላ ነው። ስለዚህ ምሽጉ ከአሜሪካና ከካሪቢያን ደሴቶች በመጡ የባሮች ልጅ ልጆች ተሞልቶ ነበር። ወንዶቹ ባሮች የሚታጐሩበት ጨለማ ጕድጓድ ከታች፣ የነጋዴዎቹ መጸለያ ቤት ደግሞ በላዩ ነበረ። ከላይ ልደትን ሲያከብሩ ከታች ያሉት የመዝሙሩን ድምፅ ይሰሙ እንደ ሆነ ማሰብ ያስጨንቃል። ከጐኔ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደ መጣሁ ጠይቀውኝ ከኢትዮጵያ ነኝ ብላቸው እጄን በኹለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ። እኔ ስላገሬ የማውቀው ብዙ ችግሯንም ጭምር ነው፤ እርሳቸው ግን ከአያቶቻቸው የተቀበሉት ስሟን ብቻ ነበር፤ ስሟም በቅቷቸው ኖሯል።

በዚያ ምሽግ አደባባይ አንድ መምህር ተቀብሯል። ፊሊፕ ክዋኬ ይባላል። በ1741 ገደማ በኬፕ ኮስት ተወልዶ በ1754 በልጅነቱ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ፤ በ1765 የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ካህን ሆነ፤ በ1766 ወዳገሩ ተመልሶ እስከ ሞተበት እስከ 1816 ድረስ በምሽጉ ውስጥ 50 ዓመት ልጆች አስተማረ። ሲመለስ ግን የአፉን ቋንቋ ረስቶት ስለ ነበር ከገዛ ወገኖቹ ጋር የሚነጋገረው በአስተርጓሚ ነበር። ሰው ባገሩ መካከል ስደተኛ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አላየሁም። በመቃብሩ አጠገብ ብዙ ቆምሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ዳዊቴን ድምፄን ከፍ አድርጌ መድገም ልማድ አደረግሁ። በዚያ ወበቅ በመስኮቱ በኩል ድምፄ ሲወጣ የአሮጊቷ የልጅ ልጅ ከደጅ ቁጭ ብላ ታዳምጠኝ ነበር።

የእኔ ገና ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 2020 ዋለ። ማክሰኞ የፋንቴ ዓሣ አጥማጆች ባሕሩን የሚያሳርፉበት፣ መረብ የማይጣልበት ቀን ነው። ከዚህም ሌላ በ1993 የጋና አራተኛ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 7 ቀን ስለ ነበረ፣ በ2019 በወጣ ሕግ ዕለቱ የመንግሥት በዓል ሆኖ ነበር። ጀልባዎቹ በአሸዋው ላይ ተደርድረው፣ መሥሪያ ቤቱም ተዘግቶ ሲያዩ ልጅቱ «አየህ፣ ለአንተ ገና ሁሉም ሥራ አቆመ» አለችኝ። ነገሩን ላርማት አልፈለግሁም።

ዋዜማውን በስልክ ቆምሁ ብል ይቀልብኛል። በእኔ ዘንድ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን በደብረ ማርቆስ 9 ሰዓት ነበር። የወንድሜ ልጅ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሆኖ ስልኩን ወደ ማኅሌቱ አቀናልኝ። ከበሮው ከሩቅ ይሰማል፤ ጽናጽሉ ይሰማል፤ ሰው ሲስል ይሰማል፤ በብርድ መሆኑን ከሳላቸው አወቅሁ። በኬፕ ኮስት በኩል ደግሞ ባሕሩ ዳሩን ሲመታ ይሰማል። እናቴ ስልኩን ተቀብላ «ብርዱ ጠንቶብናል፤ አንተ ጋስ?» ብትለኝ ላቤን እየጠረግሁ «ደኅና ነው» አልኋት።

ከኮቶኩራባ የገዛሁትን አውራ ዶሮ እንደ ወጉ በ12 ብልት አወጣሁት፤ እናቴ የላከችልኝን በርበሬ በሽንኩርት አቍላላሁት፤ እንቍላሉንም ቀቅዬ ከወጡ ጨመርሁት። ጤፍ ግን በከተማው አልነበረም። እንጀራውን የተካው በቅጠል ተጠቅሎ የሚቀቀለው የበቈሎ ሊጥ፣ ኬንኬ ነው፤ ሊጡ ከመቀቀሉ በፊት ስለሚቦካ ኰምጠጥ ያለው ጣዕሙ እንጀራን ያስታውሳል። አሮጊቷ፣ ልጅቱና ዘበኛው መጥተው ከእኔ ጋር ከአንድ ሳሕን በላን። ጋናውያን በርበሬን ያውቁታልና የዶሮውን ወጥ ሳይፈሩ ደገሙት። አሮጊቷን ባገራችን ወግ አንድ ጊዜ ባጐርሳቸው መጀመሪያ ደነገጡ፤ በኋላ ትርጕሙን ብነግራቸው እርሳቸውም መልሰው አጐረሱኝ። ሲወጡም ጥቂት ወጥ በሳሕን አድርጌ ሰጠኋቸው። በማታ ለካናዳው ልጃቸው ስልክ ደውለው ከኢትዮጵያዊ ቤት ልደት ማክበራቸውን ሲነግሩት በግድግዳው በኩል ሰማሁ።

በዚያ ሌሊት አንድ ሌላ መምህር ትዝ አለኝ። በደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳለሁ ሒሳብ ያስተማሩን ሰው ከህንድ አገር፣ ከኬረላ የመጡ ነበሩ። የኬረላ ክርስቲያኖች ሃይማኖታቸው ጥንታዊ እንደ ሆነ፣ ልደትንም ዲሴምበር 25 ቀን እንደሚያከብሩ ኋላ ተማርሁ። ያን ቀን እኚያ ሰው እንደ ወትሮው በሰዓታቸው ክፍል ገብተው ስለ ማዕዘን አስተማሩን፤ የተለየ ነገር ቢኖር አዲስ ክራቫት ማሰራቸው ነበር። የእርሳቸው ሞቃት አገር ወደ እኛ ብርድ ልኳቸዋል፤ እኔን የእኛ ብርድ ወደ ሙቀት ላከኝ፤ የአሮጊቷን ልጅ ደግሞ ሙቀቱ ወደ በረዶ ላከው። የመምህር ኑሮ በዚህ ዓይነት ዓለምን ያዞራል።

ሐሳቤን ወዳገሬ መልሼ ላብቃ። የእኛ ትምህርት ሲስፋፋ ብዙ የባዕድ መምህራን ደክመውበታል። በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ያስተማሩት ግብፃውያን ቅብጦች ልደትን ከእኛ ጋር ባንድ ቀን ስለሚያከብሩ ምናልባት ባዕድነቱ ቀሏቸው ይሆናል። በ1950 የተከፈተውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት ካናዳውያን ኢየሱሳውያን፣ ከ1962 ጀምሮ በየክፍለ ሀገሩ ያስተማሩት የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች፣ ከህንድ የመጡትም ብዙዎች ግን በዓላቸው በእኛ የሥራ ቀን ላይ የዋለባቸው ሰዎች ናቸው። ዛሬም በትምህርት ቤቶቻችን እንዲህ ያለ መምህር አይጠፋም፤ ክርስቲያን ያልሆነውም የራሱ በዓል አለው።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ዲሬክተሮችና መምህራን፣ ተማሪዎችም ጭምር፣ በመካከላችሁ ላለው የውጭ አገር ሰው በዓሉ መቼ እንደሚውል ጠይቁት። ቀኑንም በማስታወሻችሁ ጻፉት። በዚያን ዕለት ለመጥራት ትልቅ ድግስ አያስፈልግም፤ ቡናና ዳቦ ይበቃል። የማይበላው ነገር ካለ አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ ጾም ቢሆንባችሁም ቀኑን አታሳልፉበት፤ ሽሮ አለና። ልጆቻቸውን ወደ ሩቅ አገር የላኩ እናቶችም ባገራችን ብዙ ናቸው። እነርሱ ዛሬ የሚያስቡትን ሰው በሩቅ አገር የሚጠራ ይገኝ ዘንድ፣ እኛም በደጃችን ያለውን እንጥራ።